ከክርን እስከ ጣት

«ክንድህን እጠፍ» አለኝ ባለሱቁ። አጠፍኩ። የሰደፉን ጫፍ በክንዴ እጥፋት ውስጥ አሳረፈና ጣቴ ምላጩ ላይ በትክክል መድረስ አለመድረሱን ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቴ ምላጩን አልፎ ሄዷል። «ያጥርሃል» አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ። ምን ልበለው? ኒሯቅ የምትባል ከተማ አለች፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ በኩል ሲወረድ ትገኛለች፣ እዚያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ በዚሁ አኳኋን ለክተውኝ «ገና ነህ፤ ሦስት ክረምት ይቀርሃል» ብለውኝ ነበር ልበለው? ሰውየውን ከኋላዬ ሌላ ደንበኛ ይጠብቀዋል።

ቦታው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ የካቲት መጨረሻ። የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ክፍል በክፍል እየመረጥኩ ላስገጣጥም ተነስቻለሁ። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ «የዋግ ልጅ ጠመንጃ ምን ይገርመዋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እዚህ ያሉ ሐበሾችም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጠመንጃ ባለበት ቤት አድጌ አንድም ቀን ተኩሼ አላውቅም ነበር። አባቴ ምንሽር ነበራቸው፤ ጥይቱ ግን አራት ነበር። አራት! ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አራት፣ ዲቪ ደርሶኝ በ2010 አገር ስለቅም አራት። በጨርቅ ተጠቅልለው እናቴ ጌጧን በምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ለቅሶ ላይ ሌሎቹ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ አባቴ ምንሽራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይቆማሉ እንጂ አይተኩሱም። ጥይት ልጅ ይማርበት ተብሎ የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ማንገት፣ መወልወል፣ ማቀባበል፣ በባዶው ማነጣጠር፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሲተኮስ ትከሻ ላይ ምን እንደሚሰማ ግን ያወቅኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በሰው አገር ነው።

የወሰደኝ የማታ ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ፣ ስድሳን ያለፈ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን «ጋሼ» እለው ነበር፤ እዚህ በስሙ ነው የምጠራው፣ እስከ ዛሬም ይከብደኛል። መጀመሪያ የሰጠኝ ሃያ ሁለት የሚሏትን ትንሿን ጥይት የምትጎርስ ጠመንጃ ነበር። ድምጿ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው የሚመስለው። አምስት ተኮስኩ፣ ሁለቱ ወረቀቱን አገኙት። በቃ፣ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ እንቅልፍ የለም። ከሥራ ገብቼ ሲነጋ ድረስ ስለ አፈሙዝ ርዝመትና ስለ መነጽር ዓይነት አነባለሁ።

ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ይታወቃል። አትገጣጥም፤ ያለቀለት ጠመንጃ ግዛ፣ የተረፈህን ገንዘብ ጥይት ግዛበትና ተለማመድ። ፋብሪካ የሠራው በግማሽ ዋጋ ይገኛል፣ ኢላማውንም ካንተ በተሻለ ይመታል። ምክሩ ትክክል ነው። አልሰማሁም። ለምን እንዳልሰማሁ ያኔ ብትጠይቁኝ «ስለ ዕቃው ማወቅ ስለምፈልግ ነው» እላችሁ ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ ነው። የታላቅ ወንድሜን ልብስ ለብሼ አደግኩ፣ በዕጣ አሜሪካ መጣሁ፣ ባገኘሁት ፈረቃ ተቀጠርኩ። አንድ ነገር፣ ከብሎኑ ጀምሮ እኔ የመረጥኩት እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ የሚመረጠው «አክሽን» የሚሉት ነው፤ ጥይቱን የሚያጎርሰውና የሚቆልፈው ክፍል። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚታሰረው። እዚህ አገር ሕግ ዓይን ጠመንጃ ማለት እሱ ብቻ ነው። ቁጥሩ የተቀረጸው እሱ ላይ ስለሆነ ፎርም ትሞላለህ፣ ማንነትህ ይጣራል፣ ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ከጥቅምት 2023 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ሦስት ቀን ትጠብቃለህ። አፈሙዙ፣ ሰደፉና ምላጩ ግን እንደ ጫማ በፖስታ ደጃፍህ ድረስ ይመጣሉ። አክሽን ስትመርጥ ዋናው ጥያቄ «ከማን ጋር ይስማማል?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ የሬሚንግተን 700ን ቅርጽ ተከትለው ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ለዚያ የተሠራ ሰደፍና ምላጭ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማቸዋል። እኔም ከነዚያ አንዱን በ850 ዶላር ያዝኩ። ለጀማሪ እንግዳ የሆነ አክሽን መያዝ ዘመድ የሌለው ሰው ማግባት ነው፤ ሲበላሽ የሚሸመግል የለም።

ከዚያ አፈሙዝ። አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ አለ፤ እርሳሱን እያሽከረከረ ነው የሚያስወጣው። ለምን? እንዝርት አስቡ። ስትሽከረከር ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ስትደክም ትወድቃለች። ረጅምና ከባድ እርሳስ ደግሞ ጠበቅ ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። ስለዚህ አፈሙዝ ሲገዛ ስንት ርዝመት ላይ አንድ ዙር እንደሚያዞር ይጠየቃል። የኔው በየ8 ኢንቹ፣ ማለትም በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አንዴ ያዞራል። ጥይቱ 6.5 ክሪድሞር ነው፤ ሆርናዲ የተባለው ኩባንያ በ2007 በነሱ አቆጣጠር ያወጣው፣ ወረቀት ላይ ኢላማ ለሚተኩሱ ሰዎች ታስቦ የተሠራ። ብዙ አይገፋም፣ ሩቅ ይሄዳል፣ በየሱቁ ይገኛል። ኮሎራዶ ውስጥ አጋዘን ለማደን ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ጥይት ግዴታ ነው፤ አንድ ቀን ለአደን ብወጣም ያስኬደኛል ብዬ ነበር።

ታዲያ አንድ ሌሊት ስለዚህ 6.5 ሳነብ የአባቴ ጠመንጃ ፎቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አባቴ ምንሽር ይሉታል፤ ሰፈሩም ምንሽር ነው የሚለው። ቃሉ ማንሊከር ከሚለው የኦስትሪያ ስም እንደመጣ ይነገራል። የአባቴ ግን ኦስትሪያዊ አልነበረም። ካርካኖ ነው፤ ጣሊያኖች በ1891 በነሱ አቆጣጠር ለጦራቸው የመረጡት፣ ሲሸነፉም አገራችን ውስጥ ጥለውት የሄዱት። ጥይቱ 6.5! በአንድ ሺህ ጠመንጃ መሀል መርጬ መርጬ አባቴ ያነገቱት ቁጥር ላይ አረፍኩ። (ጥይቶቹ አይለዋወጡም። የካርካኖው እርሳስ 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የኔው 6.7። ቀለሃቸውም ይለያያል። ቁጥሩ ስም እንጂ ልክ አይደለም።) የድሮው ረጅሙ ካርካኖ አፈሙዝ ደግሞ የሚገርም ነገር አለው፤ ቦዩ ሲጀምር ላላ ይልና ወደ አፉ ሲቃረብ እየጠበቀ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ በወልዋይ ዘንግ ስወለውለው እጄ ላይ መጠምዘዙን የማውቀው ያ ቦይ ይህን ያህል የታሰበበት መሆኑን ያወቅኩት ኦሮራ ላይ፣ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ነው።

በነገራችን ላይ የጠመንጃ ስሞቻችንን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ውጅግራ የፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ ነው፣ ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር፣ በልጅግ ቤልጂግ። የመጣውን ሁሉ አኝከን የራሳችን አደረግነው እንጂ መርጠን አላመጣነውም። ዋግ ይህን በደንብ ያውቃል። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ሐምሌ 1863 ዓድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሳ ጋር ሲገጥሙ ሠራዊታቸው ይበልጥ ነበር። ካሳ ግን በ1860 መቅደላን አፍርሶ የተመለሰው የእንግሊዝ ጦር ትቶላቸው የሄደው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። ካሳ አፄ ዮሐንስ ሆኑ። በኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ የትናንት ነገር ነው የሚመስላችሁ፤ «መሣሪያ ነው የጎደለን» ይላሉ፣ «ሰው አልጎደለንም።»

ወደ አባቴ ምንሽር ልመለስ። ሰደፉ አያቴ እጅ ላይ እያለ አንገቱ ጋ ተሰንጥቋል። የተጠገነው በጠፍር ነው፤ እርጥብ የፍየል ጠፍር ጠምጥመውበት ሲደርቅ አጥብቆ ያዘው፣ ብረት ያላገኘውን ሥራ ሠራ። ማንገቻው አባቴ ራሳቸው የለፉት የፍየል ቆዳ ነው። የፊት ማነጣጠሪያው ወልቆ ጠፍቶ ባለእጁ ከቀለሃ ናስ ቆርጦና ሞርዶ አዲስ ሠራለት። ሰፈሩ ለዚያ ሰው ልጁን አይድርለትም፣ «ዓይኑ ያስፈራል» ይለዋል፤ ነፍሱን የሚጠብቅበትን መሣሪያ ግን ለሱ ይሰጠዋል። ልጅ ሆኜ ቤቱ ስላክ እናቴ የሰጠኝን እንዳልበላ አስጠንቅቃኝ ነው የምሄደው። እሱ ግን ቆሎ ይሰጠኝ ነበር፤ እበላዋለሁ። ጥይት የሚያስርበት ቆርቆሮ፣ ስድስቱን አንድ ላይ የሚያጎርሰው፣ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ነው የሚጎርሰው። ሌሊት ሌሊት የአፈሙዝ ዋጋ ሳወዳድር የነበርኩት ሰውዬ ይህን ሁሉ ሳስብ ትንሽ አፈርኩ። «በትዕዛዝ የተሠራ» የሚባል ነገር ካለ ያ ነበር። ማን የቱን እንደሠራው ከነስሙ ይታወቃል።

ምላጭ ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ 170 ዶላር፣ 1 ኪሎ ገደማ ሲጫኑት የሚለቅ። የሱቁ ሰው አሳሳቡን ሲያስረዳኝ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። አባቴ ባዶውን ሲያስተምሩኝ ግን «አትጎትት። ፍየል እንደምታልብ ጨምቀው» ነበር ያሉኝ፤ አለቀ። መነጽር ላይ ግን ሦስት ሳምንት ተሰቃየሁ። የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ «ገንዘብህን ጠመንጃው ላይ ሳይሆን መነጽሩ ላይ አውጣው» ይላሉ፤ ያላየኸውን አትመታም። ደግሞም ብርጭቆው ብቻ አይደለም፤ ጉብጉብታውን ስታዞረው ያልከውን ያህል መሄድ አለበት፣ መልሰህ ስታዞረውም ወደነበረበት መመለስ አለበት። ርካሹ መነጽር የሚዋሸው እዚህ ጋ ነው። 700 ዶላር የሚያወጣ መርጬ አዘዝኩ። ከነመያዣ ቀለበቱና ከነእግሩ ሒሳቡ 2,740 ዶላር መጣ፤ ከሱ ውስጥ 350ው የሰደፍ ነው፣ 450ው የአፈሙዝ።

የቀረኝ ሰደፉ ነበር። ስልክ የደወልኩትም ለሱ ነው።

አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት። የምናወራው በኽምጥኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ግማሹ እንደሚቀር ይታወቀኛል። የእህቴ ስልክ ላይ ደወልኩና «አባ፣ የምንሽሩን ሰደፍ በሜትር ይለኩልኝ፤ ከጫፉ እስከ ምላጩ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ለምንህ ነው?» አሉ።

ነገርኳቸው። አዲስ ጠመንጃ እያሠራሁ ነው፣ የሰደፉ ልክ የምንሽሩን ቢመስል ደስ ይለኛል አልኩ።

«ምን ልትተኩስበት?»

«ወረቀት።»

ሳቁ። ረጅም ሳቅ፤ በመሀል ሳል ያዛቸው። ከዚያ ረጋ ብለው «ሸጥኩት እኮ» አሉኝ። «ጥር ላይ።»

ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ሲገባ የአበርገሌና የጻግብጂ ሰው በሺዎች ወደ ሰቆጣ ተፈናቀለ፤ ቤተሰቤም አብሮ። አባቴ ከመውጣታቸው በፊት ምንሽሩን ሞራ ቀብተው፣ በቆዳ ጠቅልለው የፍየል ጉረኖው ውስጥ ቀበሩት። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ፣ ቆይተው ሲመለሱ ቤቱ ጣሪያ አልነበረውም፤ ጉረኖው ግን እንደነበረ ነው። ቆፈሩት። አፉ ጋ ትንሽ ዝጎ ነበር፤ ሌላው ደህና። በስልክ ሲነግሩኝ ሰው ከሞት የተነሳ ያህል ነበር የተደሰቱት። እኔም ፎቶ ላኩልኝ አልኩ፣ እህቴ ላከችልኝ። ከላይ ያነሳሁት ፎቶ እሱ ነው።

ያን ዓመት ክረምቱ ከዳ። በ2016 ዋግ በድርቅ ተመታ፤ ዜናውን ሰምታችሁ ይሆናል። የአበርገሌ ፍየል ጠንካራ ነው፣ ትንሽ፣ ቀይ ዳማ፣ ድንጋይ ላይ የሚኖር ነው የሚመስለው፤ ድንጋይ ግን አይበላም። ሠላሳ ሁለት የነበሩት ፍየሎች አሥራ አንድ ሲቀሩ አባቴ ጦርነቱ ያልወሰደውን ምንሽር ሸጡና ድርቆሽና ፉርሽካ ገዙበት። ለማን እንደሸጡት አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ጠመንጃ እንደ ፍየል ገበያ አውጥተው የሚሸጡት ነገር አይደለም።

«ለምን አልነገሩኝም? እኔ እልክ ነበር!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ያንተማ ለእህል ሆነ። ስንት ጊዜ ነው አንድ ልጅ የሚለመነው?»

ዋጋውን ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። ስልኬን ከጆሮዬ ሳላነሳ በዕለቱ ምንዛሬ በልቤ አሰላሁት። ካዘዝኩት መነጽር ያንሳል።

ልቤ ውስጥ የተደባለቀውን በትክክል ማስቀመጥ ይከብደኛል። ሐዘን ብቻ አልነበረም። ንዴትም ነበረበት፤ በሳቸው ላይ። የኔ እኮ ነበር ያ ጠመንጃ! ማለቴ፣ የኔ ይሆን ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ተለክቼበታለሁ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ጣቴ ደርሶ «አሁን አንግት» ተብያለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ንዴት ራሱ አስጠላኝ። እኔ ለወረቀት 2,740 ዶላር የመደብኩ ሰው ነኝ።

«መልሰው ይግዙት፤ ገንዘቡን ነገ እልካለሁ» አልኩ።

«የገዛው ሰው ጠፍሩን በጥሶ ሰደፉን አስቀይሮታል አሉ» አሉኝ። «ምን ልታደርገው ነው? ብረቱን ነው?»

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት «ቆይ» ብለው ከእህቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሜትር ፈልገው ነው፤ እናቴ ልብስ የምትሰፋበት ሜትር አለ። ተመልሰው መጡና «ሠላሳ ሦስት» አሉኝ። ሰደፉ የለም፣ ምን ለኩ ብዬ ግራ ተጋባሁ። እህቴ ስልኩን ተቀብላ ነው ያስረዳችኝ፤ ክንዳቸውን አጥፈው አስለክተዋት ነው። ከእጥፋቱ እስከ ጣታቸው 33 ሳንቲ ሜትር። ምንሽሩ ልክ ክንዳቸው ነበር።

በማግስቱ መነጽሩን ሰረዝኩት፤ ገና ስላልተላከ ገንዘቡ ተመለሰልኝ። ላክሁላቸው፣ ለፍየሎቹ። ይህን የምጽፈው ደግ ሰው ነኝ ለማለት አይደለም፤ ሌላውን ሁሉ አልሰረዝኩም። አፈሙዙ መጣ፣ ምላጩ መጣ። ሰደፉን የዋልነት እንጨት መረጥኩ፣ ኋላው ላይ ስስ ስስ ሰሌዳ እየጨመሩ የሚያስረዝሙት ዓይነት። 33 ለኔ አይሆንም፤ ክንዴ ከአባቴ ይረዝማል፣ 36 ነው የኔ። ሠራተኛው አፈሙዙን አስሮ፣ ጥይት የሚቀመጥበትን ጥልቀት በመለኪያ ብረት አረጋግጦ መለሰልኝ። (ይህን ጀማሪ በግምት እንዳይሠራው፤ ጥይቱ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው።) ከመታሰሩ በፊት አፈሙዙ በሚተኛበት ቦይ ውስጥ በእርሳስ «33» ብዬ ጻፍኩበት። ሠራተኛው አይቶ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ የሱ ደንበኞች ብዙ ነገር ይጽፋሉ መሰለኝ።

እና መነጽር የሌለው ጠመንጃ ሆነ። ዘመናዊ አፈሙዝ እንደ ካርካኖው የብረት ማነጣጠሪያ የለውም፤ ያለ መነጽር ዱላ ነው። ሁለት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆመ። ሰኔ ላይ ያ ስድሳን ያለፈው ሰው (እሺ፣ ጋሼ ልበለው) አሮጌ መነጽሩን አውልቆ አዋሰኝ። አንዱ ጎኑ ተፍቋል፣ ጉብጉብታው ሲዞር ይንገራገጫል።

በ100 ሜትር አምስት ተኮስኩ። ፍየል እንደሚታለብ፣ እየጨመቅኩ። ሄደን ወረቀቱን ስናይ አምስቱም ቀዳዳ የእንቁላል ስፋት ባለው ቦታ ገብተዋል፤ ግን ከመሀሉ በስተግራ፣ ወደ ታች። ጋሼ «መነጽሩን ብቻ ማስተካከል ነው» አለኝ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁ፣ አባቴ እንዲያዩት።

ማታ ደወሉ። «አየሁት» አሉ። «ሁሉም አንድ ቦታ ነው። ቦታው ግን እዚያ አይደለም።»

«መነጽሩ የሰው ነው አባ፣ ይስተካከላል።»

«ክንድህ ላይ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ደግ» አሉና ስለ ፍየሎቹ ጀመሩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኝ ተርፈዋል፤ ዳማዋ አርግዛለች። ደመና እየመጣ ነው አሉ፣ ተከዜ ማዶ ነጎድጓድ ይሰማል፣ እስካሁን ግን ጠብ ያለ የለም።